የእናቴን ፈተና የተፈተንኩት እኔ ነኝ

እናቴ በምትሠራበት ሆስፒታል በስሟ የተመዘገቡ ብዙ የሥልጠና ምስክር ወረቀቶች አሉ። ስለ እሳት አደጋ፣ ስለ እጅ መታጠብ፣ ስለ ታካሚ ምሥጢር አጠባበቅ፣ ስለ አዲሱ የግሉኮስ ፓምፕ፣ ስለ አዲሱ የኮምፒውተር መዝገብ። ከእነዚህ መካከል አሥራ አንዱን የወሰድኩት እኔ ነኝ። የመጀመሪያውን ስወስድ የ13 ዓመት ልጅ ነበርኩ። ከመቶ 90 አግኝቼ አለፍኩ።

ይህን የምጽፈው ለመናዘዝ ብቻ አይደለም። ባለፈው ሴሚስተር በማኅበራችን የቡና ዝግጅት ላይ ነገሩን እንደ ቀልድ አንስቼው ነበር። ከተቀመጥነው ስምንት ልጆች አምስቱ «እኔም!» ብለው ሳቁ። የአንዱ አባት የሚሠራው አውሮፕላን ማረፊያ ነው፣ የአንዷ እናት አረጋውያን መጦሪያ፣ የሌላው አክስት ሆቴል። ሁላችንም የቤታችን የኮምፒውተር ክፍል ኃላፊ ሆነን ነው ያደግነው። እኔም አብሬ ስቄያለሁ። ወደ ዶርሜ ስመለስ ግን ሳቁ ጠፋ። አሁን የሁለተኛ ዓመት የነርሲንግ ተማሪ ስለሆንኩ እነዚያ ሥልጠናዎች ለምን እንደተዘጋጁ ገብቶኛል።

የምለው ሁለት ነገር ነው። አንደኛ፣ «ወላጆቻችን ቴክኖሎጂ አይሆንላቸውም» የሚለው ወሬ ትክክል አይደለም። በአንድ የሥራ ዘመን ውስጥ ስንት ጊዜ ከዜሮ እንደጀመሩ ብንቆጥር እናፍራለን። ሁለተኛ፣ እኛ በእነሱ ስም ገብተን «ቀጥል፣ ቀጥል» እየተጫንን ማሳለፋችን እርዳታ ይመስላል እንጂ ዋጋ አስከፍሏቸዋል። የእናቴን ታሪክ የማነሳው በእሷ ፈቃድ ነው። ዓመቶቹ ሁሉ እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።

እናቴ አሜሪካ ከመምጣቷ በፊት አዲስ አበባ ውስጥ በአንድ ጤና ጣቢያ ካርድ ክፍል ትሠራ ነበር። ካርድ ክፍል ማለት ያኔ ከመሬት እስከ ጣሪያ መደርደሪያ ነው። በሽተኛው ቁጥሩ የተጻፈባትን ትንሽ ወረቀት ያቀርባል፤ እሷ መሰላል ላይ ወጥታ ካርዱን ታወርዳለች። ካርዱ ከጠፋ አዲስ ይወጣለታል። ያኔ የሰውየው ስኳር፣ የሴትየዋ ያለፈ ወሊድ፣ የማይስማማቸው መድኃኒት ሁሉ ከአሮጌው ካርድ ጋር ይጠፋል። «ካርድ ሲጠፋ ሰው ሳይታመም የኖረ ይመስላል» ትላለች። ኮምፒውተርን እናቴ የምትወድበት ምክንያት ይኼ ነው። ወረቀት ናፍቋት አያውቅም።

በ1996 ሜሪላንድ ገባች። መጀመሪያ በነርስ ረዳትነት ሠራች፣ ማታ ማታ ተማረች፣ በ2001 ነርስ ሆነች። ያኔ በዋርዱ ሁሉም ነገር በእጅ ይጻፍ ነበር። ካርዴክስ የሚባል፣ በእርሳስ እየተጻፈ በላጲስ የሚጠፋ የበሽተኛ ማጠቃለያ ነበረ። እንደ ጋዜጣ የሚታጠፍ፣ የ24 ሰዓት ሙቀት፣ የደም ግፊትና የሽንት መጠን የሚሞላበት ትልቅ ወረቀት ነበረ። ሐኪሙ ትእዛዙን በእጁ ይጽፋል፤ የካርቦን ቅጂው ወደ ፋርማሲ ይሄዳል፤ የዋርዱ ጸሐፊ ትእዛዙን ወደ መድኃኒት ወረቀቱ ትገለብጠዋለች፤ ነርሷ አመሳክራ ትፈርማለች። አንድ መድኃኒት በሽተኛው ጋ እስኪደርስ ሦስት ሰው ያነበዋል፣ ሁለት ሰው ይጽፈዋል።

እናቴ ነርስ በሆነች በሁለተኛው ዓመት አንድ ሐኪም የኢንሱሊን ትእዛዝ ጻፈ፦ 4፣ ቀጥሎም «ዩኒት» ለማለት «ዩ» የምትባለውን የእንግሊዝኛ ፊደል። ፊደሏ ክብ ሆና ስለተጻፈች ጸሐፊዋ 40 ብላ ገለበጠችው። እናቴ ቀድታ በሽተኛዋ አጠገብ ቆማለች። ሴትየዋ «ዛሬ ምሳ እንኳ አልበላሁም» ባትላት ኖሮ ትወጋት ነበር። «እስቲ ልየው» ብላ ወደ ዋናው ወረቀት ተመለሰች። ይህን ስትነግረኝ እስከ ዛሬ እጇን ወደ ደረቷ ትወስዳለች።

የእሷ ብቻ አልነበረም። በ1999 የአሜሪካ የሕክምና ኢንስቲትዩት ባወጣው ዘገባ፣ በሆስፒታሎች ውስጥ በሕክምና ስህተት በየዓመቱ ከ44,000 እስከ 98,000 ሰው ሊሞት እንደሚችል ተገምቶ ነበር። በ2004 ደግሞ ለሆስፒታሎች ዕውቅና የሚሰጠው ጆይንት ኮሚሽን ያቺን «ዩ» ፊደል መጻፍ ከተከለከሉት አህጽሮቶች ዝርዝር ውስጥ አስገባት። ክፍል ውስጥ ይህን ዝርዝር ስንማር ለጓደኞቼ የታሪክ ትምህርት ነበር። እኔ ግን እናቴና ያቺ ሴትዮ ታዩኝ።

ኮምፒውተር ወደ ዋርዱ የገባው አንድ ጊዜ አይደለም፤ በየጥቂቱ ነው። መጀመሪያ የላብራቶሪ ውጤት ብቻ የሚታይበት፣ ጥቁር ሆኖ ፊደሉ አረንጓዴ የሆነ አንድ ስክሪን ነበረ። አይጥ የለውም፤ ሁሉም በቁልፍ ቁጥር ነው። ከዚያ መድኃኒት የሚቆጥረው ቁም ሣጥን መጣ። መጀመሪያ በይለፍ ቃል፣ በኋላ በጣት አሻራ የሚከፈት ነበር። ቀጥሎ ኢሜይል መጣ፤ የሥራ ፕሮግራሟ ግድግዳ ላይ መለጠፉ ቀረና እሱም ኮምፒውተር ውስጥ ገባ።

ከዚያ 2009 ደረሰ። በዚያ ዓመት በየካቲት ፕሬዚዳንት ኦባማ የፈረሙት የኢኮኖሚ ማነቃቂያ ሕግ ሃይቴክ የሚባል ክፍል ነበረው። መዝገባቸውን ወደ ኮምፒውተር ለሚያዞሩ ሆስፒታሎችና ሐኪሞች ከ2011 ጀምሮ ገንዘብ ይሰጣል፤ ላላዞሩት ከ2015 ጀምሮ ከሜዲኬር ክፍያቸው ይቀነሳል። በ2008 መሠረታዊ የኤሌክትሮኒክ መዝገብ የነበራቸው ሆስፒታሎች ከመቶ አሥር እንኳ አይሞሉም ነበር። በ2015 ከመቶ 80 አለፉ። ሰባት ዓመት ማለት ነው። በሰባት ዓመት ውስጥ በመላ አገሪቱ ያሉ ነርሶች እጃቸው የለመደውን ትተው አዲስ ጀመሩ። እናቴ ያኔ 40 ዓመቷን አልፋ ነበር።

የእሷ ሆስፒታል የቀየረው በ2012 ነው። ሦስት ቀን ምድር ቤት ውስጥ አሠለጠኗቸው፤ ቀኑ እንደ ሥራ ቀን ተከፈላቸው። ሥርዓቱ በተጀመረ ጊዜ ደማቅ ሰደርያ የለበሱ ረዳቶች ለሁለት ሳምንት በየኮሪደሩ ቆመው ጥያቄ ይመልሱ ነበር። ጎማ ያለው ኮምፒውተር እየገፉ ወደ በሽተኛው መሄድ ተጀመረ። ፈረንጆቹ ስሙን በእንግሊዝኛ ሲያሳጥሩት «ላም» ከሚለው ቃል ጋር አንድ ይሆናል፤ በኋላ በሽተኞች ስለ እኛ ነው የሚያወሩት እንዳይሉ ተብሎ በብዙ ቦታ ስሙ ተቀየረ። እናቴና ሌላዋ ሐበሻ ነርስ ግን ላሜ ቦራ ነበር የሚሏት። «ላሜ ቦራ ባትሪዋ አልቋል፣ አስሪያት» ይባባሉ ነበር።

እናቴ በዚያን ጊዜ ደብተር ገዛች። ሰማያዊ፣ ተራ የተማሪ ደብተር። የሥርዓቱን አካሄድ ሁሉ በአማርኛ ጻፈችበት። «ቀይ ሦስት ማዕዘን ስታዪ ዝም ብለሽ አትለፊ፤ መጀመሪያ አለርጂውን እዪ።» «ሳትዘጊ አትነሺ፤ ሌላ ሰው በስምሽ ይጽፋል።» ማታ ማታ ወጥ ቤት ጠረጴዛ ላይ ተቀምጣ በሁለት ጣት መተየብ ትለማመድ ነበር። እኔ ሰባት ዓመቴ ነው፤ የኪቦርዱ ድምፅ እየሰማሁ እንቅልፍ እንደሚወስደኝ አስታውሳለሁ። በስድስት ወር ውስጥ ለአዳዲስ ነርሶች የምታሳየው እሷ ሆነች።

ሁሉንም ለውጥ አልወደደችውም፤ የባርኮዱን ነገር ግን ወደደችው። የበሽተኛውን የእጅ አምባር ትቃኛለህ፣ መድኃኒቱን ትቃኛለህ፤ ካልገጠመ ማሽኑ ይጮኻል። ይህን ለመድኃኒት እንጠቀምበት ያለችው ነርስ መሆኗን ስንቶቻችሁ ታውቃላችሁ? ሱ ኪኒክ ትባላለች፤ ካንሳስ ውስጥ ቶፒካ ባለው የቀድሞ ወታደሮች ሆስፒታል ትሠራ ነበር። በ1992 የተከራየችውን መኪና ስትመልስ ሠራተኛው በእጅ መሣሪያ ባርኮዱን ሲያነብ አይታ፣ መኪና እንዲህ ከተቆጠረ የበሽተኛ መድኃኒትስ ለምን አይሆንም ብላ ሐሳቡን ወደ ሆስፒታሏ ወሰደች። በ2010 የታተመ፣ ቦስተን ውስጥ የተደረገ ጥናት በባርኮድ የሚሠሩ ክፍሎች ከሰዓት መዛባት ውጪ ያለው የመድኃኒት አሰጣጥ ስህተት ከመቶ 41 ያህል እንደቀነሰ አሳይቷል። እናቴ ይህን ስነግራት «የእኔም 40 ዩኒት አንዱ በሆነ» አለች።

እንግዲህ እዚህ ድረስ ታሪኩ ጥሩ ነው። የተበላሸው በ2018 ነው።

ሆስፒታሉ ከሌላ ትልቅ ድርጅት ጋር ተቀላቀለና መዝገቡ እንደገና ተቀየረ። ስድስት ዓመት ሙሉ የለመደችው ሥርዓት ተነቅሎ ሌላ ገባ። የአሁኑ ግን እንደ በፊቱ ክፍልና አስተማሪ አልነበረውም። ሥልጠናው ሁሉ ኢንተርኔት ላይ የሚታይ ቪዲዮና ፈተና ሆነ፤ «በሚመቻችሁ ጊዜ እስከ እሑድ ጨርሱ» የሚል ኢሜይል መጣ። እናቴ በተከታታይ ሦስት ሌሊት፣ አሥራ ሁለት አሥራ ሁለት ሰዓት ሠርታ የምትገባ ሰው ናት። የሚመቻት ጊዜ እንቅልፏ ነው። ለዚያ ሰዓት የተከፈላት ነገር አልነበረም።

አንድ ቅዳሜ ጠዋት ዩኒፎርሟን ሳታወልቅ ላፕቶፑ ላይ ስታንቀላፋ አገኘኋት። «አንቺ ፈጣን ነሽ፣ እስቲ ይቺን አንዷን ጨርሺልኝ» አለችኝ። ጨረስኩላት። ቪዲዮውን ድምፁን አጥፍቼ በሌላ መስኮት የራሴን ነገር እያየሁ ነው ያሳለፍኩት። ፈተናው አሥር ጥያቄ ነበር፤ ከተሳሳትኩ እንደገና መሞከር ይቻላል፤ ረጅሙን መልስ መምረጥ ብዙ ጊዜ ያዋጣል። በአሥራ ሁለት ደቂቃ ምስክር ወረቀቱ ታተመ። ጎበዝ ነበርኩ። ኩራት ተሰማኝ። ከዚያ በኋላ ሞጁል በመጣ ቁጥር እንቅልፏን ትተኛለች፣ እኔ እገባለሁ።

እናቴ ያኔ በሌሊት ተራ አስተባባሪ ነርስ ነበረች። የትኛው በሽተኛ የትኛው አልጋ እንደሚገባ፣ የትኛዋ ነርስ ማንን እንደምትይዝ የምትደለድለው እሷ ነበረች። በሰዓት ትንሽ ጭማሪ አለው። በአዲሱ ሥርዓት ይህ ሁሉ በአንድ ስክሪን ላይ የሚሠራ ሆነ። በተጀመረ በሦስተኛው ወር ሁለት በሽተኛ ለአንድ አልጋ መደበች። ማንም አልተጎዳም፤ አንድ አዛውንት ግን ኮሪደር ላይ አንድ ሰዓት ጠበቁ። በዓመቱ ግምገማዋ ላይ «በቴክኖሎጂ በኩል መሻሻል ያስፈልጋታል» ተብሎ ተጻፈ። እሷም «ይቅርብኝ» ብላ አስተባባሪነቱን ተወችው። ቤት ስትገባ የነገረችን «ደክሞኝ ነው» ብላ ነው።

እውነቱን የሰማሁት ባለፈው ክረምት ነው። በልምምድ ላይ የአልጋ ድልድሉን ስክሪን አሳይተውን ነበርና ለእናቴ ሳወራት «እሱን እኮ ማንም አላሳየኝም» አለችኝ። አስታወስኩት። ያን ሞጁል የወሰድኩት እኔ ነኝ። በሆስፒታሉ መዝገብ ግን እናቴ ሠልጥናለች፣ ፈተናውን አልፋለች፤ ስለዚህ ስህተቱ የእሷ ነው። «አላሠለጠናችሁኝም» ብላ እንዳትከራከር ማስረጃውን ያጠፋሁት እኔ ነኝ። ለካ ደብተሯም ያኔ ነው የቆመው። ስለ 2012ቱ ሥርዓት ሁለት ደብተር ሞልታለች፤ ስለ 2018ቱ አራት ገጽ ብቻ።

ከመካከላችሁ «ባታደርጊላት ኖሮስ? ሥራዋን ልታጣ አልነበር?» የሚል ይኖራል። ልክ ነው። አንዲት የ13 ዓመት ልጅ ደክሟት የመጣች እናቷን ማሳረፏን እኔም ኃጢአት አልለውም። ዋናው ጥፋት ሥራውን ወደ እንቅልፍ ሰዓቷ የገፋው ሰው ነው። እዚህ ላይ አንድ የምታውቁት ቢሆን የምወደው ነገር አለ፦ በፌዴራሉ የሠራተኛ ሕግ፣ በሰዓት የሚከፈለው ሠራተኛ አሠሪው ግዴታ ያደረገበትንና ከሥራው ጋር የተያያዘውን ሥልጠና ሲወስድ፣ ቤቱ ቁጭ ብሎም ቢሆን፣ ያ ጊዜ የሥራ ሰዓት ነው፤ ሊከፈልበት ይገባል። ብዙ ወላጆቻችን ይህን አይጠይቁም። ሲጠይቁ «ቀርፋፋ ናት» እንዳይባሉ ይፈራሉ። ሞጁሉን እኛ በአሥራ ሁለት ደቂቃ ስንጨርስላቸው ደግሞ አሠሪው ነገሩ አሥራ ሁለት ደቂቃ የሚፈጅ ነው ብሎ ያስባል።

«ትልልቆቹ አይችሉም» ለሚሉ ደግሞ አንድ ሌሊት ላንሳ። ሐምሌ 19 ቀን 2024፣ በአሜሪካ ምሥራቅ እኩለ ሌሊት እንዳለፈ፣ ክራውድስትራይክ የሚባለው የኮምፒውተር ጥበቃ ድርጅት የላከው የተበላሸ ማሻሻያ በዓለም ዙሪያ 8.5 ሚሊዮን ገደማ ዊንዶውስ ኮምፒውተሮችን ጣለ። እናቴ ተረኛ ነበረች። ስክሪኖቹ ሰማያዊ ሆኑ። የወረቀት ቅጹ ከመሳቢያ ሲወጣ ወጣቶቹ ነርሶች የት እንደሚፈረም አላወቁም። አንዷም «ዩ» ብላ ጻፈች። እናቴ አስቁማ ሙሉውን አስጻፈቻት። ጠዋት ስትገባ «እንኳን የወረቀት ዘመን አለፈ» ነበር ያለችው። የሚያስፈልገው ወረቀቱም ኮምፒውተሩም ለምን እንደተሠራ የሚያውቅ ሰው ነው። እሷ ከካርድ ክፍሉ ጀምሮ ታውቀዋለች።

አሁን ደግሞ ነርስና ሐኪም ከበሽተኛ ጋር ሲነጋገሩ እያዳመጠ ማስታወሻ የሚጽፍ ሰው ሠራሽ አስተውሎት እየመጣ ነው። ሌላ ሥርዓት፣ ሌላ ሞጁል፣ ሌላ «እስከ እሑድ ጨርሱ»። እኛም አንድ ቀን 55 ዓመት ይሞላናል። ያኔ ልጆቻችን በስማችን እንዲፈተኑልን ነው የምንፈልገው?

ስለዚህ ለማኅበራችን የማቀርበው ሐሳብ ቀላል ነው። በወር አንድ ቅዳሜ ከሰዓት የኮሌጁን የኮምፒውተር ክፍል እናስፈቅድ። ወላጆቻችን፣ አክስትና አጎቶቻችን የሥራ ሞጁላቸውን ይዘው ይምጡ። እኛ አጠገባቸው እንቀመጥ። ያልገባቸውን ቃል በአማርኛ፣ በትግርኛ፣ በኦሮምኛ እናስረዳ። ጉዳዩ ከሠራተኛ ማኅበር ወይም ከአለቃ ጋር የሚነጋገሩበት ከሆነ ደብዳቤውን አብረን እንጻፍ፤ የፈጀባቸውን ሰዓትም እንዲመዘግቡ እናግዛቸው። ደንቡ አንድ ብቻ ይሁን፦ አይጡን የሚይዘው ወላጅ ነው።

ባለፈው ወር በዚህ ደንብ ከእናቴ ጋር ሞከርነው። አዲስ የግሉኮስ ፓምፕ ሞጁል መጥቶላት ነበር። እኔ አሥራ ሁለት ደቂቃ የምለው 55 ደቂቃ ፈጀ። ብዙ ጊዜ እጄ ሊነጥቃት ቃጥቶት ነበር። መሐል ላይ ቪዲዮውን አቁማ «ባትሪው መንገድ ላይ ቢያልቅ የገባውን መጠን ያስታውሳል ወይስ ከዜሮ ይጀምራል?» ብላ ጠየቀችኝ። አላወቅኩም። ቪዲዮውም አይልም። በማግስቱ አለቃዋን ጠየቀች፤ አለቃዋም አላወቀችም፤ አጣርታ ለዋርዱ ሁሉ ኢሜይል ላከች። ሰዓቱንም አስመዝግባ አስከፈለች።

«ከመጠምጠም መማር ይቅደም» አለችኝ ደብተሩን እየከፈተች። አምስተኛው ገጽ ላይ ነበረች።

የመጀመሪያውን ቅዳሜ ቀን የማኅበሩ ኮሚቴ ያሳውቃችኋል ብዬ ተስፋ አደርጋለሁ። ላፕቶፕ ይዛችሁ ኑ። አይጡን ግን ለእነሱ ተዉላቸው።